የስደተኞች ካቴድራል፦ ቅዱስ ፓትሪክ በኒው ዮርክ

በኒው ዮርክ ከተማ በፊፍዝ አቬኑ ላይ፣ በ50ኛውና በ51ኛው መንገድ መካከል የሚገኘው የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል በአሜሪካ እጅግ ከታወቁት የኒዮ ጎቲክ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው። ኒዮ ጎቲክ የሚባለው ሾጣጣ ቅስት፣ ረጃጅም ዓምድና ባለቀለም መስተዋት የነበረው የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የአሠራር ስልት በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን እንደገና ሲያንሰራራ የተሰጠው ስም ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራውን ያስጀመሩት ሊቀ ጳጳስ ጆን ሂውዝ ራሳቸው በ1817 ከአየርላንድ የመጡ ስደተኛ ናቸው፤ በአትክልተኝነትም ሠርተዋል። በ1840ዎቹ አጋማሽ በጀመረው ታላቅ ረሃብ ምክንያት አየርላንዳውያን ወደ አሜሪካ ሲጎርፉ የጠበቃቸው ፍቅር አልነበረም። በ1844 ፊላደልፊያ ውስጥ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት በእሳት ጋይተው ነበር። ሂውዝ ታላቅ ካቴድራል እሠራለሁ ብለው ሲነሡ፣ ቦታው ያኔ ከከተማው መሐል የራቀ ስለነበር፣ ብዙዎች “የሂውዝ ቂልነት” እያሉ ተሳለቁ።

የመሠረቱ ድንጋይ ኦገስት 15 ቀን 1858 ተጣለ። ጥቂት ባለጸጎች አንዳንድ ሺህ ዶላር ሰጡ፤ ድሃውም ምእመን ከደመወዙ ሳንቲም እየቆጠበ አዋጣ። ይሁን እንጂ በ1860 ገንዘብ አልቆ ሥራው ቆመ፤ የእርስ በርሱም ጦርነት አራዘመው። ሂውዝ ፍጻሜውን ሳያዩ በ1864 ዐረፉ። ካቴድራሉ ሜይ 25 ቀን 1879 ተመረቀ፤ 100 ሜትር ያህል የሚረዝሙት ሁለቱ ማማዎች የተጠናቀቁት በ1888 ነው።

ንድፉን ያወጣው ጄምስ ሬንዊክ ነው። ዋሽንግተን የምትኖሩ አንባብያን የስሚዝሶኒያንን ቀይ “ካስል” ታውቁታላችሁ፤ የእርሱ ሥራ ነው። ሬንዊክ በኮሎምቢያ ኮሌጅ የተማረው ምሕንድስና ሲሆን፣ የሕንፃ ንድፍን በራሱ ጥረት ያወቀ ሰው ነበር።

ለመሐንዲስ ዓይን የሚገርመው ጣሪያው ነው። የድንጋይ ቅስት ጣሪያ ክብደቱ ወደ ታች ብቻ አይወርድም፤ ግድግዳውን ወደ ጎን ይገፋል። የጥንቶቹ ጎቲክ ካቴድራሎች ይህን ግፊት የሚቋቋሙት ከውጭ በተዘረጉ ቅስት ድጋፎች ነው። በቅዱስ ፓትሪክ ግን እነዚህ ድጋፎች የሉም። ከውስጥ ቀና ብሎ ለሚያይ ድንጋይ የሚመስለው ጣሪያ በርብራብ ላይ የተለሰነ ጄሶ ስለሆነ ቀላል ነው። ወጪው ቀነሰ፣ ድጋፉም አላስፈለገም። አጥባቂዎች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል። እኔ ግን የድንጋዩ ጣሪያ ካልተሠራ ሞተን እንገኛለን ቢባል ኖሮ ሕንፃው በዚያ አቅም ላያልቅ ይችል ነበር እላለሁ።

ከ2012 እስከ 2015 ካቴድራሉ 177 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት ታደሰ። በ2017 ደግሞ እስከ 670 ሜትር በሚጠልቁ ጉድጓዶች አማካይነት ከከርሰ ምድር ሙቀት እየተለዋወጠ በክረምት የሚሞቅበት፣ በበጋ የሚቀዘቅዝበት መሣሪያ ሥራ ጀመረ።

ዛሬ የእኛም ወገን በየአገሩ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ያዋጣል፤ በንድፉና በወጪውም ይከራከራል። ኒው ዮርክ የምትሄዱ ከሆነ ገብታችሁ ቀና በሉና ጣሪያውን እዩት፤ የትኛው የግድ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ሊቀር እንደሚችል ለይቶ የማወቅ ትምህርት አለው።