«መጣሁ» እና የእንግሊዝኛ ግሥ በዊንጌት

በጉለሌ የታክሲ ረዳት «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያለ ሲጣራ የሰው ስም እንደሚጠራ የሚያስታውስ ተሳፋሪ ጥቂት ነው። ስሙ ለሰፈሩ የቀረለት በትምህርት ቤቱ ምክንያት ነው። እኛም ለትምህርት ቤታችን በዓል በሚታተመው በዚህ መጽሔት ልንጽፍ የመረጥነው ስለ ጦርነት አይደለም፤ በዚያ ግቢ ተማሪውን ስላስቸገረው ስለ እንግሊዝኛ ግሥ ነው።

ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን እንቁጠርና፥ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908፥ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በ1925 ሲከፈቱ ከውጭ ቋንቋዎች ጎልቶ ይታይ የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። በ1941 ጠላት ተባርሮ ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ግን ትምህርቱ ፊቱን ወደ እንግሊዝኛ አዞረ። በጎጃም በኩል ዘምቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር አዲስ አበባ የገባው ኦርድ ዊንጌት በ1944 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በ1946 በስሙ የተሰየመው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። አስተዳዳሪው ብሪቲሽ ካውንስል ነበረ፤ ከመምህራኑም ብዙዎቹ እንግሊዛውያን ነበሩ።

ሒሳቡም ጂኦግራፊውም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ነበረ፥ ግሡን ያላወቀ ልጅ ያወቀውን ትምህርት እንኳ ለመግለጽ ይቸገር ነበር። ችግሩ የስንፍና ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን አንስማማም። ሁለቱ ቋንቋዎች ጊዜን የሚከፍሉት በተለያየ መንገድ ነው።

ለምሳሌ አንድ ልጅ ከክፍል ሲወጣ ጓደኛውን «መጣሁ» ይለዋል። ገና አልሄደም እኮ! ቃል በቃል «አይ ኬም» ብሎ ቢተረጕመው እንግሊዛዊው መምህር «መቼ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እናታችንም ከጓዳ «መጣሁ፥ መጣሁ» የምትለን ገና ወጡን እያማሰለች ነው። በእኛ ዘንድ የማይቀር ነገር እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል።

«ይመጣል» የሚለውንም እንመልከት። «በየቀኑ ይመጣል» እንላለን፤ «ነገ ይመጣል»ም እንላለን። እንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያውን «ካምዝ»፥ ሁለተኛውን «ዊል ካም» ብሎ ይለያቸዋል። ከቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ በግዕዙ ርባታ «ቀተለ» ኃላፊ፥ «ይቀትል» ትንቢት መሆኑን በቃሉ ያውቃል። ስለዚህ «ይመጣል»ን ሁልጊዜ ወደ ትንቢት ቢወስደው አይፈረድበትም። ግሥን በቃል ማርባት ለእርሱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ አዲስ የሆነበት ድንበሩ ነው። የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የአማርኛ ሰዋስው» በእኛ አቈጣጠር በ1948 ዓ. ም. ታትሞ ወጥቷልና፥ የራሳችንን ግሥ አጥርተን ከያዝን በኋላ የባዕዱን ለማመሳከር መሣሪያው አልጠፋም።

ሁሉም የሚፈሩት «ሐዝ ካም» እንኳ ለእኛ ቅርብ ነው፤ «መጥቷል» ማለት ነው። «ሐድ ካም»ም «መጥቶ ነበር» ነው። ወጥመዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እኛ «ትናንት መጥቷል» ስንል ማንም አይነቅፈንም፤ እንግሊዝኛው ግን «ትናንት» የሚል ቃል ከመጣ «ሐዝ»ን አይቀበልም፤ «ኬም» ብቻ ይላል።

«ጎ፥ ዌንት፥ ጎን» የሚለውን ሥርዓት አልባ ነው ብለን የምንስቅበትም ጊዜ አለ። «ዌንት» ከ«ዌንድ» የተወሰደ የሌላ ግሥ ኃላፊ ነው። ነገር ግን «መጣ» ያልነው ሰው ልጁን ሲጠራ «ና» ይለዋል እንጂ «ምጣ» አይለውም። «ነው» ያልነውም ሲያልፍ «ነበረ»፥ ወደ ፊት ደግሞ «ይሆናል» ነው። በራሳችን ግሥ ስቀን አናውቅም።

ዛሬ ግቢው የፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ግን አሁንም በእንግሊዝኛ ነው። በቅርቡ በክፍላችን በተሰጠን ፈተና ከመካከላችን ብዙዎቹ «ሐዝ ካም የስተርዴይ» ብለን ጽፈን ቀይ መስመር ተሰምሮብን ተመለሰልን። መምህራችን ምክንያቱን ሲጠይቁን ዝም አልን። በመጨረሻ አንዱ ከኋላ ተነሥቶ «የእኔታ፥ በአማርኛ እኮ ልክ ነው» አለ። እርሳቸውም ጠመኔውን አንሥተው ሰሌዳውን በመስመር ለሁለት ከፈሉት፤ በግራ አማርኛውን፥ በቀኝ እንግሊዝኛውን ጻፉ። ያን ዕለት ደወሉ ከተደወለ በኋላም የወጣ ልጅ አልነበረም።