የቴሬዜ ሄለር አራት ወራት

የዚህ ሳምንት ዓምዳችን የሚያነሣው ቀን ጃንዋሪ 29 ቀን 1881 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1873 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያ ቀን ቪየና ውስጥ ቴሬዜ ሄለር የምትባል የ43 ዓመት ሴት፣ የስምንት ልጆች እናት፣ ካንሰር የያዘው የጨጓራዋ ክፍል ተቆርጦ ወጣላት። የቀረው ጨጓራ ከአንጀቷ ጋር ተሰፋ። ሴትዮዋም አልሞተችም፤ ድና ምግብ በላች። ከእሷ በፊት ይኸው ቀዶ ሕክምና የተሞከረባቸው ሁለት ሕሙማን ግን ከአልጋቸው አልተነሡም።

ቢላዋውን የያዘው ፕሮፌሰር ቴዎዶር ቢልሮት ነበር። በ1829 በሰሜን ጀርመን ሩገን ደሴት ተወለደ፤ ዙሪክ አስተማረ፤ ከ1867 ጀምሮ ቪየና ተቀመጠ። ሙዚቃ አዋቂ ስለነበር ከሙዚቃ ደራሲው ዮሐንስ ብራምስ ጋር የጠበቀ ወዳጅነት ነበረው፤ ብራምስ ሁለት ድርሰቶቹን በስሙ አበርክቶለታል። በዘመኑ ማደንዘዣ ከመጣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ቀዶ ሐኪሙ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማጽዳት ካስተማረም ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆድ ከፍቶ ጨጓራ መቁረጥ ግን ገና የሚያስፈራ ነገር ነበር።

ቀዳሚው ማን ነው በሚለው ላይ ክርክር አለ። ፈረንሳዮች ዡል ፔያንን ይጠራሉ፤ በኤፕሪል 1879 ፓሪስ ውስጥ የጨጓራ ካንሰር ቆርጦ አውጥቷል፤ በሽተኛው በአምስተኛው ቀን ሞተ። ፖላንዳውያን ደግሞ ሉድቪክ ሪዲጊየርን ያነሣሉ። እሱ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አልነበረውም፤ የሠራው ያን ጊዜ በፕሩሲያ ሥር በነበረች ኩልም በተባለች ትንሽ ከተማ፣ በግል ክሊኒኩ ነው። በኖቬምበር 1880 ሞከረ፤ በሽተኛው ከ12 ሰዓት በኋላ አረፈ። በዓመቱ ግን ካንሰር ሳይሆን ቁስል ያጠበበውን የጨጓራ መውጫ ቆርጦ ታካሚውን አዳነ። ይህን በአንድ የሕክምና መጽሔት ሲጽፍ አዘጋጁ ከግርጌ አንዲት ማስታወሻ ጨመረ፤ ይህ የመጀመሪያው ሥራ የመጨረሻውም እንዲሆን ተስፋ እናደርጋለን የምትል። ሪዲጊየር ስቆ አለፈ ለማለት ይከብዳል፤ በኋላ ግን ቁስልን በዚህ መንገድ ማከም የዓለም ልማድ ሆነ።

ታዲያ ክብሩ ለምን ወደ ቪየና ሄደ? ብዙዎች ቢልሮት ትልቅ ስም ስለነበረው ነው ይላሉ፤ ነገሩ ግን ከቢላዋው በፊት የተጀመረ ይመስለኛል። ጉሰንባወርና ቪኒቫርተር የተባሉ ሁለት የቢልሮት ረዳቶች የውሾች ጨጓራ እየቆረጡ ሲሰፉ ከርመው ውጤቱን በ1876 አሳተሙ። የዘመኑ ትልቅ ሥጋት የጨጓራው አሲድ ስፌቱን ይበላዋል የሚል ነበር፤ እንደማይበላው አዩ። እነዚሁ ሰዎች ከ61 ሺህ በላይ የአስከሬን ምርመራ መዛግብት አገላብጠዋል። የጨጓራው መውጫ ላይ ካንሰር ከነበረባቸው ውስጥ ከአሥሩ አራት ያህሉ ወደ ሌላ አካል እንዳልተዛመተባቸው ቆጠሩ። ቆርጦ ማውጣት ለማን ሊጠቅም እንደሚችል ማንም ቢላዋ ሳያነሣ ታወቀ ማለት ነው። ፔያንም ሪዲጊየርም ደፋሮች ነበሩ፤ ቪየና ድፍረቱን በመዝገብ ደገፈችው።

ወደ ሴትዮዋ እንመለስ። ወደ ክሊኒኩ ስትመጣ ትውከቱ አላቋርጥ ብሏት ገርጥታና ከስታ ነበር፤ ይረጋላት የነበረው ከእርጎ ብዙም ያለፈ አልነበረም። ሐኪሞቹ ሆዷን ሲዳስሱ ፖም የሚያህል፣ ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀስ እብጠት አገኙ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጨጓራዋን በ14 ሊትር ለብ ያለ ውኃ አጠቡት። ክፍሉ እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቀ። ማደንዘዣው ክሎሮፎርም ያለበት ድብልቅ ነበር፤ ሥራው በሙሉ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። ከጨጓራዋ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ፤ የቀረው በካርቦሊክ በተነከረ የሐር ክር፣ በ50 ገደማ ስፌት፣ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ጋር ተገጠመ። በመጀመሪያው ቀን በአፏ የተሰጣት በረዶ ብቻ ነው፤ ቀጥሎ እርጎዋ ተመለሰላት። ቢልሮት አንድ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ለቪየና ሳምንታዊ የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤውም ወዲያው ታተመ።

አንድ ወሬ አለ፤ በሕክምና መጻሕፍት ጭምር ይደገማል። የመጀመሪያዋ ታካሚ ስትሞት የቪየና ሕዝብ ቢልሮትን በድንጋይ አሳደደው ይላል። ወሬው ከጊዜው ጋር አይገጥምም። ታካሚዋ ከክሊኒኩ የወጣችው በሕይወት ነው፤ ድንጋዩ ለማን ተነሣ? ተከታዮቹ ሁለት ሕሙማን ብዙ ሳይቆዩ ሞተዋል፤ ወሬው ከዚያ ተነሥቶ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ቢልሮት ደግሞ ሞትን የሚደብቅ ሰው አልነበረም፤ ዙሪክ ሳለ የሠራቸውን ሥራዎች የሞቱበትንም ጨምሮ አሳትሟል።

ቴሬዜ ሄለር ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አራት ወር ሳይሞላት በሜይ 1881 ሞተች፤ ካንሰሩ ወደ ጉበቷ ተዛምቶ ነበር። ከሞተች በኋላ በአስከሬኗ ላይ ሲታይ ስፌቱ ድኗል። በዚያ ዘመን ይህ ድል ነበር። ዛሬ ሐኪሞች ድል የሚሉት በሽተኛው አምስት ዓመት ሲሞላው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በፍጥነት ይነገራል። በ1885 ቢልሮት የቀረውን ጨጓራ ከአንጀት ጋር የሚገጥምበትን ሁለተኛ መንገድ ሠራ፤ በ1897 ሽላተር የተባለ ቀዶ ሐኪም ዙሪክ ውስጥ ጨጓራን ሙሉ በሙሉ አወጣ። በ1909 ካውሽ የተባለ ሌላ ቀዶ ሐኪም በርሊን ውስጥ የቆሽትን ራስ ከአንጀቱ ጋር በሁለት ደረጃ ቆረጠ። በ1935 ኒው ዮርክ የነበረው፣ ፋርስ ውስጥ ከሚሲዮናውያን የተወለደው አለን ዊፕል ይህንኑ ሥራ በስሙ አስጠራው። የዊፕል ቀዶ ሕክምና እስከ 1970ዎቹ ድረስ ከአራት ታካሚዎች አንዱን ያህል ይገድል ስለነበር ይቅር ያሉ ሐኪሞች ነበሩ። በ2002 የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነገሩን ገለጠው፤ ይህን ሥራ አልፎ አልፎ ብቻ በሚሠሩ ሆስፒታሎች 16.3 ከመቶ ታካሚዎች ሲሞቱ፣ አዘውትረው በሚሠሩት 3.8 ከመቶ ብቻ ሞቱ። ጨጓራ ላይም ቢላዋ ብቻውን አልበቃም። በ2006 የታተመ የእንግሊዝ ሙከራ ከቀዶው በፊትና በኋላ ኬሞቴራፒ የወሰዱት ውስጥ 36 ከመቶው፣ ቀዶ ብቻ ከተደረገላቸው ደግሞ 23 ከመቶው አምስት ዓመት መኖራቸውን አሳየ።

በእኛም አገር አርሲና ባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት የሚታይባቸው አካባቢዎች ናቸው። ብዙው በሽተኛ ሐኪም ፊት የሚቀርበው እንደ ቪየናዋ ሴት ከፈሳሽ በቀር አልወርድ ሲለው ነው፤ ያን ጊዜ ቆርጦ ማውጣት ብዙ ጊዜ ያልፍበታል። እስከዚያ ድረስ «ጨጓራ ነው» እየተባለ ተልባ ይጠጣል፣ ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል ይገዛል። አንባቢ ሆይ፣ ምግብ ሲውጡ የሚይዝዎ፣ ሳያስቡት የከሱ፣ ትውከት ያላቋረጠዎ ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ከሆነ ተልባውን ትተው ኢንዶስኮፒ ይጠይቁ። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።