ፊደል አስቆጣሪው ሠልጥኖ፣ ሌክቸረሩ ስልሳ ዓመት የጠበቀው ሥልጠና

ከፒያሳ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግሮ አራት ኪሎ ለሚደርስ ሰው፣ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ብዙም በማይራራቁ ሁለት ግቢዎች ውስጥ ይገኛል። አንዱ ከግብፅ የመጡ የኮፕት መምህራን ያስተማሩበት የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛው በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 33 ተማሪዎችን ይዞ ሥራ የጀመረበት፣ ዛሬ የሳይንስ ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ ነው።

የመምህራን ሥልጠና የተጀመረው በመጀመሪያው ግቢ ነው። በአምስቱ ዓመት ወረራ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ከተማሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ተገድለዋል። ከነፃነት በኋላ በሮቹ ሲከፈቱ ተማሪ ሞልቶ አስተማሪ ጠፋ። በ1936 ዓ.ም. በምኒልክ ትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ ማሠልጠኛ የተከፈተው ለዚህ ነበር። ማሠልጠኛው ቆይቶ ወደ ጉለሌ፣ ከዚያም ወደ ሐረር ተዛወረ።

በሁለተኛው ግቢ የነበረው አካሄድ የተለየ ነው። በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት የተመራው ኮሌጅ አድጎ፣ በ1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲበረከትለት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የትምህርት ፋኩልቲው ለሁለተኛ ደረጃ መምህራንን ያሠለጥን ጀመር። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪዎቹ ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየሄዱ አስተማሩ።

ይህን ሁሉ መምህር ያፈራው ዩኒቨርሲቲ የራሱን መምህር የሚቀጥረው ግን በትምህርት ማስረጃው ብቻ ነበር።

ልማዱ ለረጅም ጊዜ ዘለቀ። በከፍተኛ ውጤት የተመረቀ ወጣት ረዳት ምሩቅ ሆኖ ይቀጠርና፣ አምና ከኋላው ወንበር ይቀመጡ በነበሩ ልጆች ፊት ጠመኔ ይዞ ይቆማል። የሚያውቀው አንድ የማስተማር ስልት እሱ የተማረበትን ነው፤ ስለዚህ ኖት ያስጽፋል፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ይፈትናል። የሚያስተምረውን ትምህርት ጠንቅቆ ቢያውቅም፣ ተማሪው የቱ ጋ እንደጠፋበት የሚያይበትን ዘዴ ያሳየው የለም።

ለውጡ የመጣው በ1996 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራምን ሲጀምር ነው። መምህራኑ በአጭሩ «ኤች ዲ ፒ» ይሉታል። የብሪታንያው ቪ ኤስ ኦ በጎ ፈቃደኞች ያገዙት ይህ ሥልጠና በመምህራን ትምህርት ተቋማት ተጀምሮ ወደ ሌሎች ፋኩልቲዎች ሰፋ። የምኒልክ ግቢ ማሠልጠኛ ከተከፈተ ልክ 60 ዓመት ሆኖት ነበር።

ሥልጠናው ሥራ ሳይለቁ ለአንድ ዓመት የሚካሄድ ነው። የፊዚክሱ፣ የታሪኩና የሕጉ መምህር በአንድ ክፍል በቡድን ይቀመጣሉ። ባልደረባ ባልደረባውን ክፍል ገብቶ ሲያስተምር ያየውና አስተያየት ይሰጠዋል፤ እያንዳንዱ የሠራውንና የታዘበውን በፖርትፎሊዮው ያሰፍራል፤ በራሱ ክፍል ባየው ችግር ላይም ተግባራዊ ምርምር ያካሂዳል።

ቅሬታም አልቀረም። ዶክትሬት ያለው ሰው እንዴት ዲፕሎማ ይማራል ያሉ ነበሩ። ሌሎች ደግሞ አግዳሚው ከወለል ጋር በተበየደበት፣ ተማሪው በተጨናነቀበት አዳራሽ የቡድን ሥራ እንዴት ይሆናል ሲሉ ጠየቁ። የመጀመሪያው ቅሬታ የክብር ነው፤ ሁለተኛው ግን የሚያሳስብ ነው። ችግሩ የአዳራሽ ብቻም አይደለም፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች በፍጥነት በዝተው ዛሬ ከ40 በላይ ሲሆኑ፣ አዳዲስ መምህራን እንደተቀጠሩ ወዲያው ወደ ክፍል ገብተዋል።

ሥልጠናው ለደረጃ ዕድገት የሚሰበሰብ ወረቀት ብቻ ሆኖ ከቀረ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ሰዓቱን ከመምህሩ የሥራ ጫና ላይ ይቀንሱለት፤ አዲስ ተቀጣሪም ሳይሠለጥን ብቻውን ክፍል አይግባ። በ1936 ዓ.ም. ለፊደል አስቆጣሪው የታሰበለት ለዩኒቨርሲቲ መምህሩም ይገባዋል።