ክረምትና መኪና በዋግ ምድር

መኪና በክፉው ወቅት ቆሞ ይክረም ወይስ ዓመቱን ሙሉ ይነዳ? ጥያቄው ለሙያ ባልደረቦቻችን አዲስ አይደለም። በረዶ በሚወርድባቸው አገሮች ብዙ ባለመኪናዎች በመንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ብረቱን እንዳይበላባቸው መኪናቸውን በጋራዥ ዘግተው ያከርማሉ፤ ምርጫውም የባለቤቱ ነው። በእኛ ደጋ ግን ክረምት ማለት ጭቃና የወንዝ ሙላት ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚወስነው ባለቤቱ ሳይሆን መንገዱ ነው። ለዚህም ሰቆጣና የዋግ ኽምራ ደጋማ አገር ጥሩ ምስክር ናቸው።

ክረምትን ቆሞ ማሳለፍ በአገራችን ከመኪና በፊት የነበረ ልማድ ነው። «እንደምን ከረሙ» የሚለው ሰላምታችንም ከዚያው ከክረምት ሥር የወጣ ነው። ነገሥታቱ ሠራዊታቸውን በአንድ ሥፍራ አክርመው፣ መስከረም ሲጠባ ለዘመቻ ይነሡ ነበር። ዐፄ ምኒልክ የዐድዋን ክተት ያወጁት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዋግሹም ጓንጉልም ከዘመቱት መኳንንት አንዱ ነበሩ። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1860 ዓ.ም. በአሸንጌ አልፎ ወደ መቅደላ የዘለቀው የእንግሊዝ ጦር፣ ጉዳዩን ፈጽሞ ለመመለስ የተጣደፈው ክረምቱ እንዳይደርስበት ነው። ሰቆጣም በአሞሌ ጨው ገበያዋ የታወቀች ነበረች፤ ዝናብ የሚያሟሟውን ሸክም ለጫነ ነጋዴ መክረም ስንፍና ሳይሆን ስሌት ነበር።

መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ሞተር መምጣቱ ብቻውን ክረምትን አላሸነፈም። የኢጣልያ ጦር ወረራውን የጀመረው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባን በያዘ ማግሥት በመጣው ክረምት የጭነት መኪናዎቹ በጭቃ ተያዙ፤ የከተማይቱም ዋነኛ መተማመኛ የጅቡቲ ባቡር ሆነ። ከአሥመራ በመቀሌ፣ በኮረምና በደሴ አልፎ ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው ጎዳና የተሠራው በዚያ የወረራ ዘመን ነው፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ባሌስትራ የምንላቸው የጋራዥ ቃላትም ምንጫቸው የኢጣልያ ቋንቋ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ፣ በዓለም ባንክ ብድር እየታገዘ ዋና ዋናዎቹን ጎዳናዎች መጠገን ጀመረ። ሰቆጣ ግን ከዋናው ጎዳና በስተምዕራብ፣ በቅርንጫፍ መንገድ ላይ ቀረች። ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድና በበጋ መንገድ መካከል ያለው ልዩነት ለዋግ ሰው ከወረቀት በላይ ትርጉም ነበረው።

ወደ ሙያችን እንመለስ። «የቆመ መኪና አይጎዳም» የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ባትሪ ሳይነካ ኃይሉ ይደክማል፤ ጎማ በአንድ ጎኑ ብቻ ሲሸከም ቅርፁን ያጣል፤ ግማሽ ባዶ በሆነ የነዳጅ ጋን ውስጥ እርጥበት ወደ ውኃ ይለወጣል፤ የፍሬን ሸራ ከታምቡሩ ጋር በዝገት ይጣበቃል፤ አይጥም ሽቦ ይቆርጣል። ስለዚህ የሚከርመው መኪና ባትሪው ተፈትቶ በየጊዜው ይሞላ፤ ጋኑ ሙሉ ይሁን፤ ጎማው በሚገባ ይነፋ፤ የእጅ ፍሬኑም ተለቆ በታኮ ይታገድ። የሚነዳው መኪና ደግሞ ሌላ ዕዳ አለበት። ወንዝ ሲሻገር በአየር መሳቢያው የገባ ውኃ አይታመቅምና ቢየላ ያጥፋል፤ ወደ ዲፈረንሻል የሰረገ ውኃ ዘይቱን ያበላሻል፤ ጭቃና አሸዋም ፍሬኑንና ኩሽኔታውን ይበላሉ።

በዋግ ግን የነገሩ ክብደት ከብረቱ ይበልጣል። ዝናቡ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ በሚወሰንበት በዚህ አገር፣ ክረምት ያለፈው ምርት ከጎተራ የሚያልቅበት፣ አዲሱም ገና ያልደረሰበት ወቅት ነው። ስለዚህ መኪና የሚቆምበት ወርና እህል የሚያስፈልግበት ወር አንድ ይሆናሉ። ዓለም በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ካየው የኮረም መጠለያ ሕዝብ ብዙው ከዋግና ከላስታ በእግሩ የመጣ ነበር። ድርቅ፣ ጦርነትና የመንገድ እጦት ተባብረውበት፣ እህል የጫነው መኪና ወደ ሕዝቡ መድረስ ሲያቅተው ሕዝቡ ወደ ጎዳናው ወጣ፤ በየመንገዱ የቀረውም ብዙ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ የገባው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱም ያ መከራ ላለመረሳቱ ምልክት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ማቆምም ሆነ መንዳት በጊዜው ከታሰበበት ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ እንደሚችሉ ነው። አስቸኳይ ግዳጅ የሌለበት መኪና በሚገባ ተዘጋጅቶ ቢከርም ጉዳት የለውም። አምቡላንስና የእህል መኪና ግን መቆም የለባቸውም፤ ፍሬናቸው፣ ጎማቸውና የአየር መሳቢያቸው በግንቦት ይፈተሽ፤ የሚቻለው እህልም ሰኔ ሳይገባ ወደ ሩቆቹ ወረዳዎች ይድረስ። በሐምሌ፣ በወንዝ ዳር ላይ ቆሞ የሚደረግ ውሳኔ ዘግይቷል።