መልካም ዜና ወጥቶ አክሲዮኑ ለምን ይወድቃል? የ«ዴይ ትሬዲንግ» ታሪክ ከቴሌግራፍ እስከ ስልካችን

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። አንድ ኩባንያ በ3 ወር ብቻ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተጣራ ትርፍ አገኘሁ ብሎ ሪፖርት ቢያወጣ፣ በማግስቱ የአክሲዮኑ ዋጋ ምን የሚሆን ይመስላችኋል? «ይጨምራላ!» ካላችሁ ብዙ ሰው ከእናንተ ጋር ይስማማል። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በፌብሩዋሪ 2022 ልክ እንዲህ ያለ ሪፖርት አወጣ። በማግስቱ አክሲዮኑ 26 በመቶ ወረደ። ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የገበያ ዋጋ በአንድ ቀን ተነነ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምን ሆኖ ነው? ነገሩን ለመረዳት የዶሮ ገበያን አስቡ። ፋሲካ ሲደርስ ዶሮ እንደሚወደድ ሻጩም ገዢውም ያውቃል። ስለዚህ ዋጋው አስቀድሞ ይጨምራል እንጂ በዋዜማው ድንገት አይዘልም። በዋዜማው ገበያውን የሚያናውጠው ማንም ያልጠበቀው ነገር ነው፤ ለምሳሌ ከታሰበው በላይ ብዙ ዶሮ የጫነ መኪና ከገጠር ከገባ።

አክሲዮንም እንደዚያው ነው። የሜታ ትርፍ ትልቅ ቢሆንም ባለሙያዎች ከጠበቁት አነሰ። በየቀኑ ፌስቡክ የሚጠቀመው ሰው ቁጥርም ለመጀመሪያ ጊዜ ካለፈው ሩብ ዓመት ትንሽ ቀነሰ። ገበያው የተቆጣው በአመዛኙ ሪፖርቱ ከተጠበቀው በታች ስለሆነ ነው።

አክሲዮን ገዝቶ በዚያው ቀን፣ ገበያው ሳይዘጋ መሸጥ ዴይ ትሬዲንግ ይባላል። ብዙዎቹ የቀን ነጋዴዎች የሚያድኑት እንዲህ ያሉ የሪፖርት ቀናትን ነው። ሐሳቡ አዲስ ይመስላል እንጂ ዕድሜው ከ100 ዓመት በላይ ነው። ታሪኩን ካወቃችሁት ዛሬ በስልካችሁ የሚመጣላችሁን ማስታወቂያ በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ።

ቲክ ቲክ የሚለው ማሽን

በ1867 ኤድዋርድ ካላሃን የተባለ አሜሪካዊ የአክሲዮን ዋጋን በቴሌግራፍ ሽቦ ተቀብሎ በቀጭን የወረቀት ጥብጣብ ላይ የሚያትም ማሽን ሠራ። በሚያሰማው ድምፅ የተነሳ «ቲከር» ተባለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቶማስ ኤዲሰንም አሻሻለው። ከዚያ በፊት የኒውዮርክን ዋጋ በፍጥነት ማወቅ የሚችለው እዚያው ገበያው አጠገብ ያለ ሰው ነበር። አሁን ግን በሌላ ከተማ ያለ ሰውም ዋጋውን በደቂቃዎች ውስጥ ማየት ቻለ።

ማሽኑ ሌላም ነገር ወለደ፤ «ባኬት ሾፕ» የሚባሉ ሱቆችን። እዚያ የሚገባ ደንበኛ በእውነት አክሲዮን አይገዛም፤ ዋጋው ይወጣል ወይም ይወርዳል ብሎ ይወራረዳል እንጂ። እንበል፣ አክሲዮኑ 100 ዶላር ነው፤ ደንበኛው 1 ዶላር ብቻ ያስይዛል። ዋጋው 1 ዶላር ወደ ላይ ከሄደ ገንዘቡ እጥፍ ይሆናል፤ 1 ዶላር ከወረደ ግን አለቀ፣ መያዣው የሱቁ ነው። አስተውሉ፦ ደንበኛው ሲያሸንፍ የሚከፍለው ሱቁ ራሱ ነው። ስለዚህ ሱቁ ደንበኛው እንዲሸነፍ ይፈልጋል ማለት ነው።

ከነዚህ ሱቆች ከወጡት ሁሉ ስሙ የገነነው ጄሲ ሊቨርሞር ነው። በ1877 ማሳቹሴትስ ውስጥ ተወለደ። ገና በ14 ዓመቱ ቦስተን ውስጥ አንድ የአክሲዮን ደላላ ቢሮ ተቀጥሮ ዋጋ በሰሌዳ ላይ ይጽፍ ነበር። ቁጥሮቹ ሲደጋገሙ አየ፤ በደብተሩ መዘገበ፤ ከዚያ ባኬት ሾፕ ገብቶ መወራረድ ጀመረ። ብዙ ከማሸነፉ የተነሳ ሱቆቹ አናስገባህም አሉት።

ግን ቆይ፣ የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሊቨርሞር ወደ እውነተኛው የኒውዮርክ ገበያ ሲሄድ ያ ብልሃቱ አልሠራ አለ። በ1923 ኤድዊን ሌፌቭር የእሱን ሕይወት መነሻ አድርጎ ያሳተመው መጽሐፍ ምክንያቱን ያስረዳል። ባኬት ሾፕ ውስጥ ጥብጣቡ ላይ ያለው ዋጋ ራሱ የውርርዱ ዋጋ ነበር። በእውነተኛው ገበያ ግን ጥብጣቡ የሚያሳየው ያለፈውን ነው። ትእዛዙ ገበያው ውስጥ እስኪደርስ ዋጋው ሌላ ቦታ ሄዷል። ሊቨርሞር ከዚያ በኋላ ስልቱን ለውጦ በ1929ኙ ውድቀት 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዳተረፈ ይነገራል። በ1934 ግን መክሰሩን በፍርድ ቤት አስመዘገበ።

ዜናው መቼ ነው «ዜና» የሚሆነው?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ኩባንያዎች ስለ ትርፋቸው ለሕዝብ የሚናገሩት በጣም ጥቂት ነበር። ከ1929ኙ ውድቀት በኋላ አሜሪካ በ1933 እና በ1934 ሕግ አውጥታ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቋቋመች። በ1970 ደግሞ ኩባንያዎች በየሩብ ዓመቱ ለዚህ መሥሪያ ቤት ሪፖርት እንዲያቀርቡ ተገደዱ።

ታዲያ ሪፖርቱ ሲወጣ ገዝቶ ማትረፍ ይቻላል? ሬይ ቦል እና ፊሊፕ ብራውን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች በ1968 ባሳተሙት ጥናት ይህንን ፈተሹ። የ261 ኩባንያዎችን ዓመታዊ ትርፍና የአክሲዮን ዋጋ አነጻጸሩ። ትርፋቸው ከተጠበቀው በላይ የሆነ ኩባንያዎች ዋጋ ሪፖርቱ ከመውጣቱ ከወራት በፊት ጀምሮ ሲወጣ፣ ያላሟሉት ደግሞ ሲወርድ ታየ። ሪፖርቱ ይፋ በሆነበት ቀን አብዛኛው ለውጥ አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረው በዚያው አቅጣጫ ትንሽ መንሸራተት ነው። ይህች ትንሽ መንሸራተት እስከ ዛሬ የምሁራን መከራከሪያ ናት።

እስከ 2000 ድረስ ደግሞ ሌላ ችግር ነበር፤ አንዳንድ ኩባንያዎች ዋናውን ወሬ ለትልልቅ ባለሀብቶች ቀድመው ሹክ ይሉ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣ ደንብ ለአንዱ የተነገረ ለሁሉም ይነገር አለ። ደንቡ ሜዳውን አስተካከለ፤ ሩጫውን ግን አላስቀረም። ዛሬ ሪፖርቱን በሰከንድ ክፍልፋይ አንብበው የሚገዙና የሚሸጡ ኮምፒውተሮች አሉ። እናንተ የመጀመሪያውን መስመር ሳትጨርሱ እነሱ ጨርሰዋል።

ወለል እና ጣሪያ

የቀን ነጋዴዎች ሌላ የሚወዱት ነገር አለ፦ የዋጋ መስመር። ዋጋው ሲወርድ ደርሶ የሚመለስበትን «ወለል»፣ ሲወጣ ደርሶ የሚመለስበትን «ጣሪያ» እንበለው። ይሄ ጥንቆላ ነው ወይስ እውነት?

ካሮል ኦስለር የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪ በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ የውጭ ምንዛሪ ነጋዴዎች በየቀኑ የሚያወጡትን ወለልና ጣሪያ በዘፈቀደ ከተመረጡ ቁጥሮች ጋር አወዳደሩ። ዋጋው በነጋዴዎቹ መስመር ላይ የመመለስ ዕድሉ በለጠ። ለምን? ቆየት ብለው ባወጡት ሌላ ጥናት፣ ሰዎች የመግዣና የመሸጫ ትእዛዛቸውን እንደ 50 ወይም 100 ባሉ ሙሉ ቁጥሮች ላይና ዙሪያ እንደሚያከማቹ አሳዩ። ሰው ሙሉ ቁጥር ይወዳል፤ ያ ልማድ በገበያው ላይ ዱካ ይተዋል። ዱካ መኖሩ ግን ወጪን ሸፍኖ ለማትረፍ ይበቃል ማለት አይደለም።

ሒሳቡ

በሜይ 1 ቀን 1975 በአሜሪካ ቋሚ የደላላ ኮሚሽን ቀረ፤ ክፍያው እየረከሰ ሄደ። በ1990ዎቹ ኢንተርኔት መጣ፤ ብዙ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ መነገድ ጀመረ። አሁን ደግሞ ገበያው ኪሳችን ውስጥ ነው። ታዲያ ፍጥነቱና ርካሹ ተራውን ሰው አተረፈው?

ተመራማሪዎች ከ1992 እስከ 2006 በታይዋን የተደረጉ ግብይቶችን መርምረው ነበር። ከወጪ በኋላ በአስተማማኝ ሁኔታ ያተረፉት የቀን ነጋዴዎች ከ100 ሰው 1 እንኳ አይሞሉም። በብራዚል የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ300 ቀን በላይ የጸኑትን ተከታተለ፤ 97 በመቶው ከስረዋል። ልምድ ያድናል እንዳይባል፣ የተቆጠሩት የጸኑት ናቸው!

ምክንያቱ የሒሳብ ነው። አክሲዮን ለዓመታት የያዘ ሰው ከኩባንያው ትርፍ ይካፈላል። በአንድ ቀን ውስጥ ግን ኩባንያው የሚያፈራው ነገር ከቁጥር አይገባም፤ ስለዚህ የአንዱ ትርፍ በአብዛኛው የሌላው ኪሳራ ነው። ከሁለቱም ላይ ደግሞ ወጪ ይቀነሳል። እንበል፣ በ10,000 ብር ትነግዳላችሁ፤ ገዝቶ መሸጥ በአንድ ዙር 0.2 በመቶ፣ ማለትም 20 ብር ይፈጃል። ምንም አይመስልም አይደል? በቀን አንድ ዙር፣ ለ200 ቀን ከሆነ 4,000 ብር ነው። ሳታተርፉም ሳትከስሩም 40 በመቶው አለቀ።

ይህ ለኛም ሩቅ ወሬ አይደለም። በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ በብሔራዊ ባንክ ሥር አነስተኛ የአክሲዮን ግብይት ነበረ፤ ከ1974ቱ አብዮት ጋር ቆመ። በጃንዋሪ 2025 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ ተከፈተ። ገበያ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ኩባንያዎች ካፒታል ያገኙበታል፣ ቆጣቢውም የኩባንያ ድርሻ ይይዝበታል። ግን በቴሌግራም «በቀን እጥፍ ታተርፋላችሁ፣ ምልክቱን እኛ እንልካለን» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ፣ የቦስተኑን ሱቅ አስታውሱና አንድ ነገር ጠይቁት፦ አንተ ገንዘብ የምታገኘው እኔ ሳተርፍ ነው ወይስ እኔ ስከፍል? በግልጽ ካልመለሰላችሁ ገንዘባችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ።