ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚከፈት ቤተ መዘክር

ቤተ መዘክር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ትልቅ ሕንፃ፣ የመስተዋት ሣጥን፣ «አትንኩ» የሚል ማስታወቂያና ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚቆለፍ በር ነው። ተማሪዎቻችንንም የምንወስዳቸው ወደዚህ ዓይነቱ ስፍራ ነው፤ ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በበርሊን፣ ከዚያም በሌሎች ከተሞች፣ ቤተ መዘክሮች በዓመት አንድ ሌሊት ሳይዘጉ አምሽተው ሕዝብ እንዲጎበኛቸው የማድረግ ልማድ ተስፋፍቷል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው ግን ዓመቱን ሙሉ ከመሸ በኋላ ብቻ የሚከፈተውን አንድ ቤተ መዘክር ነው። በአስጎብኚ መጽሐፍ አይገኝም፤ ስፋቱም አንድ ክፍል ነው። ያለውም በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ነው።

ባለፉት ሁለት ክረምቶች የማሠልጠኛ ተቋማችን ሲዘጋ፣ ሁለት መምህራን ሆነን ወደዚያ ሄደን ከሁለታችን በአንዳችን አክስት ቤት ተቀምጠን ነበር። ቀን ቀን በሰፈሩ የሚኖሩትን የኢትዮጵያውያን ልጆች አማርኛና ሒሳብ እናስጠና ነበር። ቀን ቀን ማለታችን እንኳ ጧት ጧት ለማለት ነው። በእኛ አገር ዝናብ በሚዘንብበት ወራት ጅቡቲ ትነዳለች፤ ኸምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ በቀትር ይዘጋል፤ ከኢትዮጵያ የሚገባው ጫት ከተከፋፈለ በኋላ ጎዳናው ጭር ይላል፤ በቆርቆሮና በጣውላ የተሠሩት የካርቲየ 6 ቤቶችም እንደ ምጣድ ይግላሉ። ሰው ከቤቱ የሚወጣው ፀሐይ ከጠለቀች ወዲያ ነው። በዚያን ጊዜ በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ሶማልኛው፣ አፋርኛው፣ ዐረብኛውና አማርኛው በአንድነት ይሰማል። እንግዲህ የታሪክ መምህር በእንዲህ ያለ ከተማ የሚጎበኘውን ሁሉ በማታ ለመጎብኘት ይገደዳል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጉብኝታችን አልቀናም። ከመሐል ከተማው በስተ ሰሜን ወዳለው ወደ ቀድሞው ባቡር ጣቢያ ሄድን። በመማሪያ ክፍል ስንት ጊዜ ስሙን የጠራነውን ስፍራ በዓይናችን ለማየት ጓጉተን ነበር። በሩ ዝግ ነው። አንድ ዘበኛ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። በተሰባበረ ፈረንሳይኛ «ስንት ሰዓት ይከፈታል?» ብለን ብንጠይቀው ሣቀብንና ሰዓቱ ካለፈ ብዙ ዓመት መሆኑን ነገረን። እውነቱን ነው። በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ መካከል አሮጌው ባቡር መሄድ ያቆመው በ2000 ዓ.ም. ግድም ሲሆን፣ ከድሬ ዳዋ ወደ ጅቡቲ ያለውም አንዴ እየሄደ አንዴ እየቆመ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቀርቷል። ተመልሰን ለአክስታችን ብንነግራቸው «ባቡሩን ከሆነ የፈለጋችሁት እዚሁ መንደራችን አለላችሁ» አሉን።

ሽማግሌው ዕድሜያቸው ሰባ ግድም ነው። የመንደሩ ልጅ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋልና እኛም እንዲሁ እንላለን። የድሬ ዳዋ ተወላጅ ሲሆኑ በጅቡቲ ጣቢያ የጓዝ ክፍል ሠራተኛ ሆነው ከወጣትነታቸው እስከ ጡረታቸው ኖረዋል። ቤታቸው ስንደርስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ጋሼ መብራቱን አበሩልን። በግድግዳው ላይ ቀይና አረንጓዴ መስተዋት ያለው የእጅ ፋኖስና የናስ ፊሽካ ተሰቅለዋል። በክር የታሰሩ ወፍራም የካርቶን ትኬቶች፣ የፉርጎ ቁልፍ፣ ሁለት ትልልቅ ብሎኖች፣ በመደርደሪያውም ላይ አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን ቁራጭ ሐዲድ አለ። የመስተዋት ሣጥን የለም፤ «አትንኩ» የሚልም የለም። እንዲያውም ጋሼ ዕቃውን በእጅ ያስይዛሉ፤ «ያዘው እስቲ፣ ክብደቱን እየው» ይላሉ። በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ተመልሰን ሄድን። ስኳርና ሻይ ቅጠል የመግቢያ ዋጋችን ሆነ።

የመጀመሪያው ክርክራችን የተነሣው በዚያ ቁራጭ ሐዲድ ነው። እኛ እንደ ልማዳችን ከውሉ ጀመርን። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ለሌዎን ሼፍኖ የባቡር መንገድ ፈቃድ መስጠታቸውን፣ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ መጀመሩን፣ መንገዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላስቸገረው በግርጌ አልፎ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬ ዳዋ ከምትባለው ስፍራ መድረሱንና ከተማዪቱ በእርሱ ምክንያት ማደጓን፣ ኩባንያው ከከሰረ በኋላ ሥራው በሌላ ኩባንያ ቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ መግባቱን ቆጠርን። ጋሼ በትዕግሥት ሰሙንና «ሐዲዱን ማን ተሸከመው?» ሲሉ ጠየቁን። «ፈረንሳዮች ሠሩት» የሚለው ከአፋችን ሊወጣ ነበር፤ በክፍላችንም የምንለው ይህንኑ ነው። ካፒታሉ በአብዛኛው የፈረንሳይ መሆኑ እውነት ነው። ድንጋዩን የፈለጡት፣ ሐዲዱን በትከሻ ያጋዙት ግን ሶማሌዎች፣ አፋሮች፣ ከየመን የተሻገሩ ዐረቦች፣ ወደ ላይ ሲወጣም የአገሩ ሰዎች ነበሩ። መንገዱ በኢሳዎች ምድር ሲያልፍ ደም የፈሰሰበት ጊዜም አለ። እኛ በማስተማሪያ ማስታወሻችን ላይ ለዚህ ሁሉ አንድ መስመር እንኳ አልሰጠነውም ነበር።

የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነው። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ ከሞምባሳ መሠራት የጀመረው የእንግሊዞች ባቡርም በአንድ ሜትር ስፋት ነው የተዘረጋው። ጠባብ ሐዲድ ወጪው ይቀንሳል፤ በተራራ መካከልም በቀላሉ ይጠማዘዛል፤ የሚሸከመው ጭነትና የሚሄድበት ፍጥነት ግን ያነሰ ነው። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ለሚወጣና ወደ 780 ኪሎ ሜትር ለሚረዝም መንገድ ይህ ሒሳብ ቀላል አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገድ ግን ስፋቱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ የአሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ላይ ሊሄድ አይችልም። ጋሼ ይህን ሲያስረዱ ሁለት እጆቻቸውን አንዴ አጥብበው አንዴ አስፍተው ያሳያሉ። ይህን የእጅ ምልክት በኋላ በክፍላችን ተጠቅመንበታል፤ ተማሪ ቶሎ ይገባዋል።

የጊዜ ሰሌዳው ወረቀት በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው። እኛ ልናነብላቸው ብንሞክር ጋሼ አነጋገራችንን እያረሙ ራሳቸው አነበቡት፤ የባቡሩ ሠራተኞች በዚያ ቋንቋ ነበርና የሚሠሩት። ሰዓቱም የፈረንጅ ነበር። ባቡሩ በ«ስድስት ሰዓት» ይነሣል ሲባል ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ሲሆን፣ አዲስ ገብ የሆነ የደጋ ሰው ግን ስንቁን አንጠልጥሎ በቀትር ይመጣና ባዶ ሐዲድ ያይ እንደ ነበረ ይናገራሉ። ስለ ዘመን አቆጣጠር ስናስተምር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

በዚያ መንገድ ብዙ ነገር ወጥቷል፣ ገብቷል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ጅቡቲ ገቡ፤ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ስደት ሄዱ። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስለ ንጉሡ ጋሼ ከአባታቸው የሰሙትን በስፋት ያጫውታሉ። ስለ አዋሹ ሲነሣ ግን ዝም ይላሉ፤ እኛም አልገፋንም።

በመደርደሪያው ሥር በሲባጎ የታሰረ የጣውላ ሻንጣ አለ። በሦስተኛው ማታ «ይኼስ ምንድን ነው?» አልን። «ይኼ የኔ አይደለም» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1969 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ወደ መርከብ ሥራ የሚሄድ አንድ የድሬ ዳዋ ልጅ ሻንጣውን ወደ ጓዝ ክፍሉ ይዞ ይመጣል። መርከቡ ሊነሣ ሆኖ ጊዜ አላገኘም። «ለእናቴ አድርስልኝ፣ አደራ» ብሎ ሰጥቷቸው ይሄዳል። በክዳኑም ላይ የእናቱ ስምና የመንደሩ ስም በእርሳስ ተጽፏል። ጋሼ በወቅቱ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበሩ። ዛሬ ነገ ሲሉ፣ ክረምቱ መግቢያ ላይ ጦርነቱ ደረሰና ድልድዮች ፈረሱ፤ መንገዱ ተቋረጠ። ጅቡቲ ነፃነቷን ያወጀችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው፤ አገሩ ሲወለድ ባቡሩ ቆሞ ነበር ማለት ነው። በነሐሴ ደግሞ ውጊያው ድሬ ዳዋ አፋፍ ደረሰ። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ባቡሩ እንደገና ሲንቀሳቀስ ጋሼ በየነጂው ቢያስጠይቁ፣ ኋላም ራሳቸው ሄደው ቢፈልጉ፣ ሴትዮዋ ከዚያ ሰፈር ለቀዋል። ልጁም ተመልሶ አልመጣም።

ሻንጣው አንድ ቀን እንኳ ተከፍቶ አያውቅም። በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ከባድ ዝናብ ጅቡቲን ባጥለቀለቀ ጊዜ የጋሼ የራሳቸው ወረቀቶች በአመዛኙ በስብሰዋል፤ ሻንጣውን ግን አልጋ ላይ አውጥተውት ስለ ነበር ተረፈ።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን አንሸሽግም። እንዲከፈት ለመንን። ውስጡ ደብዳቤ ሊኖር እንደሚችል፣ የዚያን ዘመን ጋዜጣ፣ ፎቶግራፍ፣ ምናልባትም ስለ መርከበኞቹ አንዳች የጽሑፍ ማስረጃ ሊገኝ እንደሚችል፣ ባለቤቶቹን ለማግኘትም ራሱ ሊረዳ እንደሚችል አስረዳን። ክርክራችን ጥሩ ክርክር ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ከንቱ ነው አንልም። ጋሼ ግን «እናንተ ታሪክ ትላላችሁ፤ እኔ አደራ እላለሁ» አሉና ሻይ እንድንጠጣ ጋበዙን። ባለቤታቸውም ከጓዳ ሆነው «ተው ልጆቼ፣ እኔም ስንት ዓመት ለምኜ አልሆነልኝም» ሲሉ ሁላችንም ሣቅን።

በሁለተኛው ክረምት ስንመለስ ጋሼ ታመው አገኘናቸው። ለቁም ነገር ፈልገውን ኖሯል። ሻንጣውን ይዘን ድሬ ዳዋ እንድንገባና ለሴትዮዋ ወገን እንድናደርስ፣ የሚቀበል ካጣንም መልሰን እንድናመጣ አስማሉን። እኛም ደስ እያለን ተቀብለን ወደ ናጋድ፣ አዲሱ ባቡር ወደሚነሣበት ጣቢያ፣ ገሠገሥን። የተቀረው ለመገመት አያስቸግርም። ፈታሹ በውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀን። አናውቅም አልን። «የማን ነው?» አለ። ስማቸውን ብቻ የምናውቃቸው የአንዲት ሴት ነው አልን። ሰውዬው ትሑት ነበር፤ ክፈቱት ወይም መልሱት አለን። ሥራው ስለ ሆነ አንወቅሰውም። ከሁለታችን አንዱ እዚያው ሲባጎውን መፍታት ጀምሮ ነበር። ቋጠሮው ግን አርባ አምስት ዓመት አልፎት እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ቢላዋ ያስፈልግ ነበር። ቢላዋ ፍለጋ ዞር ዞር ስንል እርስ በርስ ተያየንና ሻንጣውን አንሥተን ወጣን። የዚያን ቀን ባቡር አመለጠን። ማታ ወደ ካርቲየ 6 ስንመለስ ጋሼ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ በእጃቸው ሲባጎውን ዳሰሱና ከመደርደሪያው ሥር አስገቡት።

ሳምንት ቆይተን ባዶ እጃችንን ድሬ ዳዋ ገባን። አሮጌው የባቡር ጣቢያና ጋራዡ አሉ፤ ያረጁት ባቡሮች ቆመው ይጎበኛሉ፤ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ የቀድሞ ሠራተኞችም አይጠፉም። ለተማሪ ጉብኝት ከዚህ የሚበልጥ ስፍራ በምሥራቅ የለም ብንል ማጋነን አይሆንም። በክዳኑ ላይ የተጻፈውን መንደር አገኘነው። ቤቱ ግን ሱቅ ሆኗል። የጎረቤት አዛውንት ሴትዮዋን ያስታውሷቸዋል፤ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ናዝሬት ወርደዋል የሚሉ አሉ፣ ወደ ሐረር ወጥተዋል የሚሉም አሉ። አንዲት ሴት ልጅ እንደ ነበራቸው ግን ሁሉም ይስማማሉ።

ስማቸውን በዚህ ገጽ አላወጣነውም፤ ሻንጣው የራሳቸው እንጂ የእኛ አይደለምና። በናዝሬት፣ በሐረርና በድሬ ዳዋ የምታስተምሩ ባልደረቦቻችን፣ በ1969 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል ልጁ በመርከብ ሄዶ የቀረ ቤተሰብ ብታውቁ ጠይቁልን፤ ስሙን የሚናገር ከተገኘ ከክዳኑ ላይ ከገለበጥነው ጋር እናመሳክራለን። ጋሼ በጻፉልን መሠረት ተሽሏቸዋል፤ ማታ ማታም ከአንድ ሰዓት ጀምሮ በራቸው ክፍት ነው።