የቁረይሽ ቆዳና የነጃሺ ፍርድ

መርካቶ ራጉኤል ላይ ቤተ ክርስቲያኑና ታላቁ አንዋር መስጊድ ተጎራብተው ቆመዋል። ስለዚህ ጉርብትና በተወራ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ሙስሊም ስደተኞች የተቀበሉት የሐበሻ ንጉሥ የነጃሺ ታሪክ ይነሣል። ሲነገር ግን የመካ አገር ሒጃዝ ከእኛ የራቀ በረሃ፣ ሐበሻም ስደተኞች በዕድል የደረሱባት አገር ትመስላለች። ሒጃዝ የባሕር ዳር አገር መሆኑ ከተዘነጋ የንጉሡ ፍርድ ክብደቱ አይታይም ባይ ነኝ።

መካ እርሻ የላትም፤ የኖረችው በንግድና በካዕባ እንግዶቿ ነው። ቀይ ባሕር ከእርሷ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ወደቧ መጀመሪያ ሹዐይባ ነበረ፤ ወደ ጂዳ ያዛወሩት በ647 እ.ኤ.አ. ኸሊፋው ዑስማን ናቸው። ከባሕሩ ወዲህ ባለው ዳርቻ ደግሞ አክሱም ነበረች፤ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ካሌብ ጦራቸውን ባሕር አሻግረው የመንን ይዘዋል። ታሪክ ጸሐፊው ጠበሪ እንደጻፈው ሐበሻ የመካ ጎሣ የሆኑት ቁረይሾች የሚነግዱባት አገር ነበረች፤ በ615 እ.ኤ.አ. የተሰደዱትም ሶሐባዎች፣ የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች፣ ሁለት የነጋዴ መርከቦች አግኝተው በግማሽ ዲናር ተሻገሩ። መንገዱን የጠረገው ነጋዴ ነው።

«ነገሩን ንግድ ካደረግኸው የንጉሡ ደግነት ምን ቀረው?» የሚል አይጠፋም። እኔ የሚታየኝ ተቃራኒው ነው። ከስደተኞቹ አንዷ የነበሩት ኡም ሰለማ የተረኩትን የነቢዩን ታሪክ የጻፈው ኢብን ኢስሐቅ መዝግቦታል። ቁረይሾች ስደተኞቹን ለማስመለስ ሁለት መልእክተኞች ሲልኩ የጫኑት ከመካ ዕቃ ሁሉ ነጃሺ የሚወዱትን፣ የለፋ ቆዳ ነበር። አስቀድመው ለሹማምንቱና ለካህናቱ አደሉ፤ ቀጥሎ ለንጉሡ አቀረቡ። ንጉሡ ግን የስደተኞቹን ቃል አቀባይ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብን ጠርተው አዳመጡ፤ ስለ ማርያም የሚናገረውን የቁርኣን ሱራ ሲያነብላቸው አለቀሱ፤ ስደተኞቹን አሳልፈው አልሰጡም፤ ገጸ በረከቱንም መለሱ። ደንበኛን ማስቀየም ዋጋ አለው፤ ነጃሺ ያንን ዋጋ ከፈሉ። ኢብን ኢስሐቅ የሞተው በ767 እ.ኤ.አ. ነው፣ በአክሱም ጽሑፎችም ይህ ስደት አልተጠቀሰም ተብሎ ታሪኩ ቢጠረጠር ያስኬዳል። ነገር ግን ተአምር ለመፍጠር የተነሣ ተራኪ የንጉሡን የቆዳ ምርጫ ምን ብሎ ያነሣል? እንዲህ ያለው ነገር ገበያውን ከሚያውቅ ሰው የመጣ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው፤ ያው ባሕር ሰው የተሸጠበት ባሕርም ነው። የሐበሻ ልጆች ለብዙ መቶ ዓመታት ከምጽዋና ከሌሎች ወደቦች ወደ ጂዳ ገበያ ተግዘዋል። ሳዑዲ ዓረቢያ ባርነትን በሕግ የከለከለችው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ሸሽጎ ጉርብትናን ማወደስ ለተሸጡት ሌላ በደል ነው። የነጃሺን ፍርድ በልኩ የሚያሳየው ግን ይኸው የከፋ ታሪክ ነው። መልእክተኞቹ ያቀረቡላቸው ቆዳ ተቀብለው ሰው እንዲያስረክቡ ነበርና።